የቤት ሥራው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደገና አንደኛ ደረጃ ይገባል። ቀን ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ ስትቆጥር የዋለችው እናት ማታ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ ትሠራለች። ታክሲ ሲነዳ የዋለው አባት «በ‹ሀ› ሥር ያሉትን በ‹ለ› ሥር ካሉት ጋር አዛምድ» ከሚል ትእዛዝ ጋር ይፋጠጣል። አጎት በስልክ ይጠየቃል፤ የጎረቤት በር ይንኳኳል። መልሱ ከየትም ከጠፋ ደግሞ የክፍሉ ወላጆች በተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እባካችሁ 4ኛውን ጥያቄ የሠራችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ» የሚል ልመና ይለቀቃል። ይላካልም! በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል የደብተሩ ባለቤት የት ነው? ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጌም ይጫወታል።

እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው። ሳልፈልግ የአራት ጎረቤት የቤት ሥራ እሰማለሁ። አንደኛው ቤት ጩኸት ነው፤ «ትናንት ነግሬህ የለም እንዴ? ምንድን ነው ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው?» ሁለተኛው ቤት ኩርኩምና ለቅሶ ነው። ሦስተኛው ቤት አስጠኚ ተቀጥሯል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጨዋ ልጅ ነው፤ መልሱን ራሱ ይናገርና ሕፃኑ ይጽፋል። አራተኛው ቤት ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታው ግን የጥናት አይደለም፤ እናትየው ራስዋ እየጻፈች ነው። በምን አወቅህ ትሉኝ እንደሆነ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ያንተ ልጅ ካርታውን ቀባች? እኔማ እስከ 5 ሰዓት ቀለም ስቀባ አመሸሁ» ያለችኝ እሷው ናት። አምላክ ያበርታት፤ ካርታውስ አምሮ ነበር።

እስቲ እቅጩን እንነጋገር። የቤት ሥራ የሚሰጠው ለምንድን ነው? መምህሩ ዛሬ ያስተማረው ነገር ልጁ ዘንድ መድረስ አለመድረሱን ነገ ጠዋት ለማየት ነው። ደብተሩ የመምህሩ ዓይን ነው። ልጁ 7 ሲባዛ በ8ን 54 ብሎ ቢመልስ መምህሩ «ኤክስ» ይመታል፤ ሃያ ልጆች 54 ብለው ቢመልሱ «ይኼን ነገር አላስረዳኋቸውም ማለት ነው» ብሎ ጠመኔውን አንሥቶ እንደገና ያስተምራል። እኛ ግን በሌሊት ላጲስ አስይዘን፣ 54ቱን አስጠፍተን፣ 56 አስጽፈን እንልክለታለን። መምህሩ በማግሥቱ አምሳ ደብተር ይከፍታል፤ አምሳውም «ራይት» ነው። ምን ያድርግ? ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ያኛው ምዕራፍ ደግሞ ባልገባቸው ምዕራፍ ላይ የሚታነጽ ነውና ልጆቹ አሁንም አይገባቸውም፤ እናት አሁንም ታመሻለች። መምህሩን ያሳወርነው እኛው ነን፤ ዞረን «መምህሩ አያስተምርም» የምንለውም እኛው ነን።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለጌጥ ነበር፤ ለደብተርም ይሠራል።

የዚህ ነገር ዕዳ የሚከፈለው 3ኛ ክፍል ላይ አይደለም። ዘግየት ብሎ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲፈተኑ መደረጉን ታስታውሳላችሁ። ስልክ የለም፤ ዘመድ የለም፤ በአጥር የሚወረወር መልስ የለም። ጥር ላይ ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲናገሩ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 ከመቶ! በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 ከመቶ ሲሆን እንደ ትልቅ እመርታ ተነገረን። ከመቶ ልጆች ዘጠና አንዱ ሲወድቁ «ተሻሻለ» የሚባልበት አገር ላይ ደርሰናል።

ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ጠቆመ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ብቻቸውን ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ስንተኛቸው ነበር? ለብዙዎቹ ምናልባት የመጀመሪያቸው ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገባቸው አንድ ሰው ነበረ፤ እናት ወይ አስጠኚ ወይ ጎበዝ ጓደኛ። ኋላ ደግሞ ስልኩ።

ይህን ሁሉ ውድቀት የቤት ሥራ አመጣው አልልም። እንዲህ ያለ ነገር ብጽፍ መምህራን ይስቁብኛል። የመምህሩ ደመወዝ አለ፤ በአንድ ክፍል የሚታጨቀው ልጅ ብዛት አለ፤ ጦርነቱ አለ፤ የኮሮናው ዓመት አለ። ነገር ግን ሥሩ ታች መሆኑን ከማንም በፊት የሚያውቁት ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010፣ ማለትም በ2002 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ለደረጃቸው ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። አሁን ቁጥሩን አስተያዩት፦ በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በ2004 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል ነበር። ጥናቱ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ማለት ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአገራችን ተረት ቢሮ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ አሥር ዓመት ባልተጠበቀ ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። «ታዲያ ልጄን ዝም ብዬ ልየው ወይ?» የምትለኝ እናት ትኖራለች። ኧረ በጭራሽ! ዝም ማለትና መሥራት ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ልጁን አያዩትም። ልጅ ከቤቱ የሚፈልገው መልስ ሳይሆን ሰዓት፣ ቦታና ጆሮ ነው።

ሰዓትና ቦታው ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። እኔ ቤት ልጄ ከሰርቪስ ስትወርድ 10 ሰዓት ይሆናል። መክሰስ ትበላለች፤ ከዚያ ግቢ ወርዳ ትሮጣለች፤ ስትሮጥ የዋለች ልጅ እንጂ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ውላ እንደገና ተቀመጪ የተባለች ልጅ አታጠናም። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን እጅዋን ታጥባ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ስልኮች በሙሉ፣ የእኔም ጭምር፣ ፍሪጁ ላይ ይወጣሉ። ማክሰኞም 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ዓርብም 11 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ባመሽ እናትዋ፣ እናትዋ ብታመሽ አያትዋ ሰዓቱን ያስከብራሉ። በየቀኑ በተለያየ ሰዓት የሚጀመር ጥናት በየቀኑ አዲስ ጠብ ነው፤ ሰዓቱ ከታወቀ ግን ልጁ የሚጣላው ከግድግዳው ሰዓት ጋር ነው፤ ከእናቱ ጋር አይደለም። በእኛ ከተማ የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መዘጋጋት ወላጅን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤት እንደማያደርስ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰዓቱ በወላጁ መምጣት መወሰን የለበትም የምለው። በ3 ሰዓት ዓይኑ በእንቅልፍ የተከደነ የ7 ዓመት ልጅ ላይ ሒሳብ መጫን ግፍ ነው።

ጆሮው ግን ሰፊ ነገር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ባለፈው ልጄ «ከ1/2 እና ከ1/4 የትኛው ይበልጣል?» የሚል ጥያቄ ደረሳት። ሳታመነታ 1/4 ብላ ጻፈች። «እንዴት?» አልኳት። «አባዬ ደግሞ! 4 ከ2 አይበልጥም እንዴ?» አለችኝ። አስተያየቷ እኔን የታዘበች ይመስል ነበር። በዚህች ቅጽበት «አይደለም፣ 1/2 ነው የሚበልጠው» ብላት ታጠፋና ትጽፋለች፤ ነገሩ በአሥር ሴኮንድ ያልቃል፤ ራይትም ታገኛለች። ነገር ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው «4 ይበልጣል» እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ «እሺ የኔ እናት፣ አንዱን እንጀራ ለሁለት፣ አንዱን ደግሞ ለአራት ቁረሺና አንቺ የትኛውን ቁራሽ እንደምትወስጂ ንገሪኝ» አልኳት። ሄዳ ከመሶቡ አወጣች። (እናትዋ «እንጀራውን ምን አደረጋችሁት!» ማለቷ አልቀረም።) ቆረጠች። አየች። ዝም አለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ላጲሷን አነሣች።

ይህን ለማድረግ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። አራት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው፦ «እንዴት እንደሠራሽው እስቲ አስረጂኝ።» ያልተማረች እናትም ትችላለች። እንዲያውም ያልተማረችው ትሻላለች እላለሁ፤ ምክንያቱም መልሱን ስለማታውቅ መቻኮል አይመጣባትም። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የኔታ ልጁን ከፊት አስቀምጠው በስንደዶው ፊደሉን እያስነኩ ድምፁን ነው የሚሰሙት፤ የጎደለውን በጆሮ ይይዙታል። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽል ራሱ ይጠነክራል። ዱላውን ትተን ጆሮውን ብንወርስ ምን ነበረበት?

ስለዚህ የ1ኛም ሆነ የ2ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ልጃችሁ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ሌላው የቤት ሥራ ሁሉ ቢቀር እንኳ ይኼ አይቅር። የሚነበበው የትምህርት ቤት መጽሐፍ መሆንም የለበትም፤ የጋዜጣ ርዕስ ይሁን፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለ ጽሑፍ ይሁን፣ የታክሲ ታፔላ ይሁን። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ እሰየው! በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩ ስንት እናቶች ዛሬ አያት ሆነው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁ ሲሳሳት የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ጊዜውም ትዕግሥቱም አላቸው። እኛ ግን «እማማ ደክመዋል» ብለን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠናቸዋል።

እዚሁ ሕንፃችን ላይ ያየሁትን ልጨምር። አንድ ቤት የምትሠራ ልጅ የማታ ተማሪ ናት፤ 4ኛ ክፍል። የአሠሪዎቿ ልጅም 4ኛ ክፍል ነው። እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስና እሷ ወደ ማታ ትምህርቷ ለመሄድ ስትዘጋጅ ባለችው ግማሽ ሰዓት ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሳጥን ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጉሊት መልስ ስትቀበል የኖረች ስለሆነች ስሌት ላይ እሷ ትበልጠዋለች፤ እንግሊዝኛውን እሱ ያነብላታል። እሱ ሲያስረዳት ያልገባውን ያኔ ያውቀዋል፤ «ቆይ ቆይ፣ እንደገና ልየው» ይላል። ወላጆቹ ግን ለሌላ አስጠኚ በወር ብዙ ብር ይከፍላሉ። ምናለ የእሷን ደመወዝ ጨመር ቢያደርጉላት!

ስለ እንግሊዝኛ ካነሣሁ አይቀር... በየግል ትምህርት ቤቱ ገና ፊደል ሳይለዩ «ሳይንስ» በእንግሊዝኛ የሚማሩ ሕፃናት አሉን። ልጁ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ይሸመድዳል። እናቱ ደግሞ ገጠር ያደገች ናት፤ ተክል ፀሐይ ካላገኘ እንደሚገረጣ፣ ጥላ ሥር የተዘራ በቆሎ ፍሬ እንደማይዝ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። ነገር ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «እኔ አላውቀውም ልጄ» ብላ ትሸሻለች። ታውቀዋለች እኮ! ከመጽሐፉ ደራሲ ባላነሰ ታውቀዋለች። ለዚህች እናት የምለው አለኝ፦ ልጅሽ ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በምትግባቡበት ቋንቋ እንዲነግርሽ አድርጊ። መንገር ካልቻለ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው፤ ያልገባውን ጥያቄ ደግሞ በቻይንኛ ቢመልሰው ዋጋ የለውም። ገብቶት በእናቱ ቋንቋ ከመለሰ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መውሰድ የእሱና የመምህሩ ሥራ ነው።

ብዛቱስ? አንዳንዱ ወላጅ የትምህርት ቤትን ጥራት የሚለካው በቤት ሥራ ክምር ነው። «አይ እዚያ እኮ ያስጨንቋቸዋል፤ ጎበዝ ትምህርት ቤት ነው» ይላል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከ1987 እስከ 2003 በአሜሪካ የተደረጉ ምርምሮችን አሰባስበው ሲያዩ፣ የቤት ሥራና የትምህርት ውጤት ዝምድናቸው ከ7ኛ ክፍል በላይ ጠንከር ያለ፣ ከዚያ በታች ግን ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያው አገር የተለመደው ልክ ለአንድ ክፍል 10 ደቂቃ ነው፤ 1ኛ ክፍል 10፣ 3ኛ ክፍል 30፣ 6ኛ ክፍል አንድ ሰዓት። የአሜሪካን ነገር ሁሉ ይምጣ ባይ አይደለሁም፤ ግን የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲጽፍ የሚያመሽበትን ደንብ ከየት አገኘነው? መልሱን እኔ ልንገራችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ሲታዘዝ ትምህርቱ በቴሌግራም ወደ ቤት መጣ፤ «ወርክሺት» የሚባል ወረቀት ይጎርፍ ጀመር። ያን ጊዜ ደግ ተደረገ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ ተመለሱ፤ ወርክሺቱ ግን እኛው ዘንድ ቀረ።

አንድ ማታ የሆነውን ላጫውታችሁ። ልጄ ከተሰጧት አሥር የማካፈል ጥያቄዎች ስድስቱን ሠራች፤ አራቱ ቀሪ ያላቸው ናቸው፤ አልገቧትም። አስረጂኝ አልኳት፤ ማስረዳት አልቻለችም። በምስር ሞከርን፤ አሁንም አልሆነም። ሠላሳ ደቂቃዋ አለቀ። ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባለው የመልእክት ደብተር ላይ «ስድስቱን ብቻዋን ሠርታለች፤ ቀሪ ያላቸው አራቱ አልገቧትምና እባክዎ ይድገሙላት» ብዬ ፈርሜ ላክሁ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ተደወለልኝ። «አባት፣ የወላጅ ክትትል እያነሰ ነው። ሌሎቹ ወላጆች ሁሉ አሠርተው ልከዋል» አሉኝ። አያችሁ! «አሠርተው ልከዋል» ማለት በእነርሱ ዘንድ ምስጋና ነው። እኔም ትሕትና ሳላጎድል «ሌሎቹ ልጆች ቀሪ ያለው ማካፈል ያለወላጅ እንደሚችሉ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሰጥታችሁ እዩልኝ» አልኳቸው። መምህርቷ የተባረከች ናት፤ አደረገችው። ያን ሳምንት ማካፈል ለክፍሉ በሙሉ እንደገና ተሰጠ።

ስለዚህ ያልተሠራውን ጥያቄ ባዶ አድርጎ መላክ ነውር አይደለም። ባዶው ቦታ ለመምህሩ ደብዳቤ ነው። የተሳሳተውም እንደዚያው።

ስለ ኩርኩሙም አንድ ቃል ልበል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካል ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። መምህሩ አለንጋውን ጣለ፤ እኛ አነሣነው። 6 ሲባዛ በ9ን ባላወቀ ቁጥር የሚቆነጠጥ ልጅ የሚማረው ማባዛትን ሳይሆን የአባቱን ፊት ማንበብን ነው፤ ፊት አንባቢ ይሆናል። መልስ ሲሰጥ ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ወደ እናንተ ዓይን ከተመለከተ ይኸው ደርሶበታል ማለት ነው። የተናደደ ሰው ጠረጴዛውን ለቆ ይነሣ። ቡና ያስፈላ፤ ምን አባቱ!

እስካሁን የተናገርሁት ጠረጴዛ ላለው ቤት ነው። ጠረጴዛ የሌለውስ? በአንዲት የቀበሌ ቤት ስድስት ሆነው የሚያድሩ፣ እናት በዚያችው ክፍል ጠላ የምትሸጥ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ መግዣ የሌላቸው ልጆች አሉ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ የሚገባ ልጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚገኘው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አውቶቡስ ላይ ነው። ለእነዚህ ልጆች የቤት ሥራ ማለት ቤት ላለው ልጅ የሚሰጥ ተጨማሪ ነጥብ ነው። በማግሥቱ «ለምን አልሠራህም?» ተብለው በር ላይ የሚቆሙት እነርሱ ናቸው።

መንግሥት ለማድረግ ሲፈልግ እንደሚችል አይተናል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ ይሰጣል፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ታድሏል። ይህን መካድ ኃጢአት ነው፤ ርቦት ይተኛ የነበረ ልጅ ዛሬ ነቅቶ ይማራል። ታዲያ ያ ልጅ ምሳውን የበላበት ግቢ 10 ሰዓት ላይ ለምን ይዘጋል? ክፍሉ አለ፤ ዴስኩ አለ፤ መብራቱም ከቤቱ ይሻላል። አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ተከፍቶ የፈለገ ልጅ የቤት ሥራውን እዚያው ሠርቶ ቢሄድ ምን ይጎድላል? ለአንድ መምህር የአንድ ሰዓት የትርፍ ጊዜ ክፍያ፤ በተራ ቢገቡ ደግሞ ለማንም ሸክም አይሆንም። ትልልቆቹ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ታናናሾቻቸውን ቢያስነብቡ መምህሩ የሚጠበቅበት ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ አለ፤ በስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ ቀለም ሲነጋገር እሰማለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይኼን አጀንዳ አንድ ወላጅ እጁን አውጥቶ ያስይዝልን።

«ማን ይጠብቃቸዋል?» የሚል ርዕሰ መምህር አይጠፋም። ዘበኛው እንደሆነ እስከ ጠዋት እዚያው ነው።